ፒኤምኤስኤፍን ለፋህ ማገጃነት ብጠቀም ምን ችግር አለው?

ማሂ_ፋርማኮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ! ፋርማኮሎጂ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ፕሮፖዛሌ የነርቭ ሕመም ላይ ነው። አይጥ ላይ የእግር ነርቭ በክር አስሬ ሕመም ከፈጠርኩ በኋላ፣ አካላችን ራሱ የሚያመርተው አናንዳማይድ (ካናቢስ መሰል ሞለኪውል ነው) እንዳይፈርስ ባደርግ ሕመሙ ይቀንሳል ወይ የሚለውን ማየት ፈልጌ ነው። አናንዳማይድን የሚያፈርሰው ፋህ የሚባለው ኢንዛይም ስለሆነ እሱን የሚያግድ ነገር ያስፈልገኛል።

ጽሑፎቹ ሁሉ ዩአርቢ597 የሚባለውን ማገጃ ነው የሚሉት። ግዢ ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። ፕሮፎርማ፣ የውጭ ምንዛሬ፣ ጉምሩክ... በዚህ አያያዝ እኔ ተመርቄ፣ ተድሬ፣ ልጅ ወልጄ ነው የሚደርሰው። ቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ግን ሙሉ ጠርሙስ ፒኤምኤስኤፍ ተቀምጧል። ፕሮቲን የሚያወጡት ልጆች የሚጠቀሙበት ኢንዛይም ማገጃ ኬሚካል ነው። ደግሞ የአናንዳማይድን መፍረስ መጀመሪያ ያስቆሙት በሱ ነው የሚል አንብቤያለሁ። ታዲያ ለምን በሱ አልሠራም? አድቫይዘሬ «እሱን ተይው» ብሎኝ ወደ ስብሰባ ገባ። ምክንያቱን የሚነግረኝ ይኖራል?

ጋሽ_ኢንዛይም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ማሂ፣ አድቫይዘርሽ ልክ ነው። ግን «ተይው» ብሎ መሄድ አያስተምርም፤ ላስረዳሽ።

ያነበብሽው እውነት ነው። በ1993 ዶይች እና ቺን አናንዳማይድን የሚቆርጥ ኢንዛይም ሴል ውስጥ እንዳለ አሳዩ። ሥራውን ያስቆሙትም በፒኤምኤስኤፍ ነበር። ጂኑ የተገኘው ከዛ በኋላ በ1996 ነው፤ ካሊፎርኒያ ስክሪፕስ ተቋም፣ በቤን ክራቫት እና ባልደረቦቹ። ያኔ እጅ ላይ ባለው ነገር መሥራት ግድ ነበር። ዛሬ ግድ አይደለም።

ፋህ ሴሪን ሃይድሮሌዝ ከሚባሉት ኢንዛይሞች አንዱ ነው። ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ላይ ሴሪን የተባለች አሚኖ አሲድ አለች፤ በፋህ ላይ ቁጥሯ 241 ነው። ማገጃዎቹ የሚለጠፉት እሷ ላይ ነው። ችግሩ የሰው አካል እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች ከ200 በላይ አሉት። ፒኤምኤስኤፍ ደግሞ እንደ ተራበ ጅብ ነው፤ አይመርጥም። ትሪፕሲን በለው፣ ትሮምቢን በለው፣ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ በለው፣ ያገኘውን ይይዛል። ፕሮቲን የሚያወጡት ልጆች የሚወዱትም ለዚሁ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ፕሮቲናቸውን የሚበላ ኢንዛይም በሙሉ እንዲቆምላቸው ነው።

አንቺ ግን ሌላ ነው የምትፈልጊው። አይጧ ሕመሟ ቢቀንስ በአናንዳማይድ ነው? በአሴቲልኮሊን ነው? ወይስ ዝም ብላ ደንዝዛ ነው? ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ የምትጠየቂው ይሄንን ነው፤ መልስ የለሽም።

ሌላም አለ። ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ዕድሜ የለውም። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7.5 ላይ ግማሹ በ55 ደቂቃ አካባቢ ይጠፋል። ፒኤች 8 ላይ በ35። ጠዋት በጥብጠሽ ከሰዓት ብትወጊ የምትወጊው ሌላ ነገር ነው።

ሰናይት_ሬሆቮት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡10

እስራኤል ሬሆቮት ነው የምኖረው፣ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ። ይሄ ርዕስ እዚህ የከተማችን ወሬ ነው። ሜሹላም እና ጋኦኒ በ1964 ቲኤችሲን፣ የሃሺሽን የሚያሰክር ንጥረ ነገር፣ ለይተው ያወጡት እዚሁ ዋይዝማን ተቋም ነው። ሃሺሹን ያገኙት ከፖሊስ ነው፤ 5 ኪሎ! ሜሹላም በአውቶቡስ ይዞት ሲሄድ ተሳፋሪው ይሄ ሽታ ምንድነው እያለ ይጠያየቅ እንደነበር ራሱ ሲያወራ ኖሯል። በ2023 ነው ያረፈው።

ሲቢ1 የሚባለው፣ ቲኤችሲ የሚያርፍበት ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) ጂኑ በ1990 አሜሪካ ተገኘ። አንጎል ለሃሺሽ ብሎ ሪሴፕተር አያበጅም መቼም፤ የራሱ የሆነ ነገር መኖር አለበት። ያ ነገር በ1992 ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ፤ ዴቬን፣ ሃኑሽ እና ሜሹላም ከአሳማ አንጎል አናንዳማይድን አወጡ። በ1995 ሁለተኛው መጣ፣ 2-ኤጂ። እሱን እዚህ እስራኤል እና ጃፓን፣ ሁለት ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ነው ያወጡት።

ማሂዬ፣ ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም ይሄን ያመጣሁት። ሞለኪውሎቹ (ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉት) ሁለት ናቸው፣ አፍራሾቻቸውም ይለያያሉ። አናንዳማይድን ፋህ ነው። 2-ኤጂን በዋናነት ማግል ነው፤ በአይጥ አንጎል ሥራው 85 በመቶ ገደማ የሱ ነው። የቀረውን ኤቢኤችዲ6 እና ኤቢኤችዲ12 ይካፈሉታል። ስለዚህ ፕሮፖዛልሽ ላይ «ኢንዶካናቢኖይድ ይጨምራል» ብለሽ በጅምላ እንዳትጽፊ። የትኛው?

ያሬድ_ዲሲ | ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11፡45

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም፣ ይቅርታ ጣልቃ ለመግባት። እዚህ ዋሽንግተን ሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ) በየሱቁ ይሸጣል፤ ከረሜላው፣ ዘይቱ። አንዱ ሻጭ «ሲቢዲ ፋህን ያግዳል፣ የራስህ አናንዳማይድ ይበዛል፣ ትረጋጋለህ» አለኝ። እና ማሂ ለምን ሲቢዲ አትጠቀምም?

ጋሽ_ኢንዛይም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ያሬድ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሻጩ ግማሽ እውነት ነው የነገረህ። ሲቢዲ የአይጥን ፋህ ያግዳል፤ የሰውን ፋህ ግን አያግድም። ይሄን በ2015 ኒውዮርክ ስቶኒ ብሩክ የዶይች ቡድን አሳይቷል፤ ያው የ1993ቱ ዶይች ማለት ነው። እነሱ እንደሚሉት በሰው ሲቢዲ የሚይዘው አናንዳማይድን ሴል ውስጥ ወደ ፋህ የሚያጓጉዙትን ፕሮቲኖች ነው። ሻጭህ ያነበበው የአይጥ ወረቀት መሆን አለበት።

ማሂ፣ ለአንቺም ልብ ሊባል የሚገባ ነው። ሰው ፋህ-2 የሚባል ሁለተኛ ኢንዛይም አለው፤ አይጥ ይሄ የለውም። አይጥ ላይ ያየሽውን ሰው ላይ ከመድገምሽ በፊት ቆም በዪ።

ለሥራሽም ሲቢዲ አይሆንም። ፋህን ቢያግድ እንኳ በደካማው ነው፤ ሌላ የሚነካው ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም።

ዶ/ር_ድንገተኛ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፤ እናንተ የምታወሩትን እኛ በሌላ በኩል እናውቀዋለን። ፀረ-ተባይ ጠጥቶ የሚመጣ ሰው አለ አይደል? ምራቁ ይዝረከረካል፣ የዓይኑ ብሌን ጠቦ ነጥብ ያክላል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። አትሮፒን በላይ በላይ እንሰጣለን። ያ ሰው የጠጣው ሴሪን ሃይድሮሌዝ ማገጃ ነው። የሚገድለው የአሴቲልኮሊንኤስተሬዝ መታገድ ነው። ግን እነዚህ ፀረ-ተባዮች፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት፣ እዛ ብቻ አይቆሙም። ከነሱ አንዱ የሆነውን ክሎርፓይሪፎስን ጉበት ኦክሶን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል፤ ይሄ ኦክሶን ፋህንም ማግልንም እንደሚያግድ በላቦራቶሪ ታይቷል።

ለማሂ ግን ዋናው ይሄ አይደለም። አንዳንድ ኦርጋኖፎስፌት የወሰደ ሰው ድኖ ከወጣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እግሩ ይሰንፍበታል። መጀመሪያ መደንዘዝ፣ ከዛ መራመድ አለመቻል። ይሄን የሚያመጣው ሌላ ሴሪን ሃይድሮሌዝ ነው፤ ኒውሮፓቲ ታርጌት ኤስተሬዝ ይባላል፣ በጂን ስሙ ፒኤንፒኤልኤ6። ፒኤምኤስኤፍም ይሄንኑ ኢንዛይም ይይዛል። በዶሮ በተሠሩ ሙከራዎች ከመርዙ በፊት ሲሰጥ ነርቩን ይከላከላል፤ ከመርዙ በኋላ ሲሰጥ ግን ጉዳቱን ያባብሳል። ነርቭ ላይ እየሠራሽ እንዲህ ያለ ፀባይ ያለው ነገር እንዴት ትወጊያለሽ?

ማሂ_ፋርማኮ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ፒኤምኤስኤፍ ከፕሮፖዛሌ ወጥቷል።

ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ። አድቫይዘሬን ዛሬ አግኝቼው ነበር። «የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈረንሳዩን ሞት ያነሳብሻል፣ ተዘጋጂ» አለኝ። ስለሱ የምታውቁ ካላችሁ በደንብ ንገሩኝ። ማገጃው ራሱ ነው የገደለው ወይስ ፋህን ማገድ ነው የሚገድለው?

ጥሩወርቅ_ሊዮን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

ማሂ፣ ጥያቄሽን በትክክል ነው ያስቀመጥሽው። እኔ ፈረንሳይ በክሊኒካል ሙከራ ሥራ ላይ ነኝ። ያ ጊዜ እዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም።

መድኃኒቱ ቢአይኤ 10-2474 ይባላል፤ የፖርቱጋሉ ቢያል ኩባንያ ነው የሠራው። ሙከራውን ያካሄደው ባዮትሪያል፣ ሬን ከተማ። ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ 1,900 ዩሮ ይከፈላቸው ነበር። መጀመሪያ አንድ አንድ ጊዜ የሚወሰድ ከ0.25 እስከ 100 ሚሊግራም ተሞከረ፤ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ በየቀኑ ለ10 ቀን፣ ከ2.5 እስከ 20 ሚሊግራም፤ አሁንም ምንም። ከዛ ወደ 50 ዘለሉ።

ጥር ወር 2016 ነው (በነሱ አቆጣጠር)። ስምንት ሰዎች፤ ስድስቱ መድኃኒቱን፣ ሁለቱ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ)። በአምስተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 10 ማታ፣ አንዱ ታመመ። ሆስፒታል ወሰዱት። እና በነጋታው ጠዋት፣ እዚህ ጋ ነው የሁላችንም ደም የሚፈላው፣ ለቀሩት አምስቱ የዕለቱን መጠን ሰጧቸው! ሰውየው ያለበት ሁኔታ ሳይጣራ። ያ ሰው ጃንዋሪ 17 አረፈ። ከቀሩት አራቱ የነርቭ ችግር ገጠማቸው፤ በኤምአርአይ ሂፖካምፐስ እና ፖንስ የሚባሉት የአንጎል ክፍሎች ላይ ጉዳት ታየ።

ለኮሚቴሽ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ባለሙያዎቹ ኋላ ሲመረምሩ፣ በ5 ሚሊግራም እንኳ ፋህ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ እንደነበር አገኙ። ኢንዛይሙ 5 ላይ ከተዘጋ ከዛ በላይ ያለው መጠን ፋህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚጨምረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ይሄ ኬሚስት መሆን አይጠይቅም፤ መጠኑን የሚወስን ሰው ግራፉን ቢያይ በቂ ነው። እስካሁን ያናድደኛል።

የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረጉ ሙከራዎችን መመሪያ በ2017 ያሻሻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ሙግት_ወዳድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡00

እና ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጅቷን «ቀጥዪ» ትሏታላችሁ? የፋህ ማገጃ ሰው ገደለ፤ አለቀ። ደግሞ ፋይዘር ኩባንያ የሠራው የፋህ ማገጃም ለሕመም አልሠራም ነው የሚባለው። የማይሠራና የሚገድል ነገር ላይ ቲሲስ?

ጋሽ_ኢንዛይም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡40

ኧረ ቀስ! ሁለት ነገር ነው ያነሳኸው፤ አንድ በአንድ።

የመጀመሪያው፣ ገዳዩ ፋህን ማገድ ነው ወይ? እስቲ ሌሎቹን እይ። የፋይዘሩ ፒኤፍ-04457845 ፋህን ከ96 በመቶ በላይ ነው የሚዘጋው፤ ሰዎች ለሳምንታት ወስደውታል፣ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። ከተወለዱ ጀምሮ ፋህ የሌላቸው አይጦች በ2001 ተሠርተዋል። አንጎላቸው ውስጥ ያለው አናንዳማይድ 15 እጥፍ ገደማ ነው፤ ይኖራሉ፣ ይበላሉ፣ ይወልዳሉ። በ2019 ደግሞ ስለ አንዲት ስኮትላንዳዊት ሴት ተጽፏል። በተፈጥሮ ፋህዋ የተዳከመ ነው፤ ሕመም ብዙም አይሰማትም፣ ጭንቀትም የለባትም። በሕይወት አለች፤ የጽሑፉ ጊዜ ስድሳዎቹን አልፋለች። እንግዲህ ሬን ላይ የተለየ የነበረው ሞለኪውሉ ነው ማለት ነው።

ይሄን በቤተ ሙከራ ያሳዩት የሆላንድ ሰዎች ናቸው። የላይደኑ ቫን ደር ስቴልት ቡድን በ2017 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ማሂ አንቺም ያስፈልግሻል።

ፍሎሮፎስፎኔት የሚባል ፕሮብ አለ፤ የሚያበራ ቀለም ተያይዞበታል። ሥራ ላይ ያለ ሴሪን ሃይድሮሌዝ ካገኘ ይለጠፍበታል። የአይጥ አንጎል ሜምብሬን (የሴል ሽፋን) ትወስጃለሽ። መጀመሪያ ማገጃሽን ትጨምሪና ትጠብቂያለሽ፤ ከዛ ፕሮቡን። ፕሮቲኖቹ በመጠናቸው እንዲለያዩ ጄል ላይ ታስኬጂዋለሽ። ስካነሩ ላይ ብዙ የሚያበሩ መስመሮች ይወጣሉ። 60 ኪሎዳልተን አካባቢ ያለችው ፋህ ናት። ከታች 33 እና 35 አካባቢ ጥንድ ሆና የምትታየው ማግል። ማገጃሽ ንጹሕ ከሆነ የፋህ መስመር ብቻ ትጠፋለች፤ ሌሎቹ እንዳሉ ይበራሉ። ሦስት አራት መስመር አብሮ ከጠፋ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ይሄን ጄል ያየሁ ቀን ስለ «ሴሌክቲቭ» የሚጻፈውን ሁሉ በጥርጣሬ ማንበብ ጀመርኩ።

የላይደን ቡድን ይሄንኑ በሰው ሴሎች ሠራው። የፋይዘሩ ከፋህ ውጭ የነካው የለም ማለት ይቻላል። የሬኑ ግን በርካታ ሊፔዞችን (ቅባት የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን) ያዘ። ከነሱ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፒኤንፒኤልኤ6። ዶክተሩ ጠዋት የነገሩን። በሰው የአንጎል ነርቭ ሴሎችም ላይ የቅባቶቹን ሚዛን አዛባው። ይሄ የሰውየውን ሞት ምክንያት ያረጋግጣል ማለት አይደለም፤ እነሱም እንዲያ አላሉም። ግን መድኃኒቱ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ይሄ ጄል ቢሠራ ኖሮ ማንም ቆም ብሎ ያስብ ነበር።

ሁለተኛው፣ ለሕመም አልሠራም የሚለው። እውነት ነው። በ2012 የታተመው ሙከራ ላይ የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው 74 ሰዎች ነበሩ፤ በቀን 4 ሚሊግራም፣ ለሁለት ሳምንት። ኢንዛይሙ ተዘጋ፣ አናንዳማይድ ወጣ፣ ሕመሙ ግን ከፕላሴቦው አልተለየም። እዛው ሙከራ ላይ ናፕሮክሲን ሠርቷል፤ ስለዚህ ሙከራው ራሱ ችግር ነበረበት ማለት አይቻልም።

ግን መድኃኒቱ እዛ አላበቃም። የል ዩኒቨርሲቲ በ2019 ያንኑ 4 ሚሊግራም ካናቢስ ለማቆም በሚሞክሩ 70 ወንዶች ላይ ሞከረ። የማቆም ሕመማቸውም፣ የሚያጨሱትም ቀነሰ። ስለዚህ «የማይሠራ» ከማለትህ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቅ።

ሙግት_ወዳድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡55

እሺ፣ የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን አልረካሁም። አናንዳማይድ ጨምሮ ሕመም ካልቀነሰ ታዲያ አይጥ ላይ የታየው ምንድነው?

ሰናይት_ሬሆቮት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10

አንዱ ምክንያት አናንዳማይድ ሲቢ1ን ብቻ አለመንካቱ ነው። ቲአርፒቪ1 የሚባለውንም ይነካል። ይሄ ሪሴፕተር ምን እንደሆነ አበሻ ሁሉ በምላሱ ያውቀዋል፤ ሚጥሚጣ ሲበላ የሚቃጠለው እሱ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ኖቤል የተሸለመበት። በአንድ እጁ ሕመም ያበርዳል፣ በሌላው ያነዳል እንደማለት። ከዛ ላይ ፋህ ሲታገድ የሚበዛው አናንዳማይድ ብቻ አይደለም። ፒኢኤ እና ኦኢኤ የሚባሉ ዘመዶቹም ይበዛሉ፤ እነሱ ሲቢ1 ጋ አይደርሱም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ማሂ፣ ሲቢ1ን የሚዘጋ ነገር የሚሰጠው አንድ ቡድን የግድ ያስፈልግሻል፤ ለምሳሌ ኤኤም251። ውጤቱ በሱ ካልጠፋ በሲቢ1 በኩል አይደለም የመጣው።

ማግልን ልያዝ ብትይ ደግሞ ጄዜድኤል184 አለ፣ ከ2009 ጀምሮ። 2-ኤጂን በደንብ ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ደጋግመሽ ስትሰጪ ሲቢ1 ይደክማል፤ ሕመም ማስታገሱም ይጠፋል። በ2010 ታይቷል። የፋህ ማገጃ ላይ ይሄ ችግር እንዲህ አይታይም። ለረጅም ቀን የምትወጊ ከሆነ ፋህ ላይ መቆየትሽ ጥሩ ነው።

ፋርማሲስቷ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዝም ብዬ ስከታተል ነበር፤ አንድ ነገር ግን ማለት አለብኝ። ማሂ፣ ፕሮፖዛልሽ ላይ ማወዳደሪያ መድኃኒት ምን አደረግሽ? ፓራሲታሞል ካልሽ አውጪው!

ለምን መሰለሽ። ፓራሲታሞል ጉበት ውስጥ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አንጎል ሲደርስ ፋህ ከአራኪዶኒክ አሲድ ጋር ያጋባዋል፤ ኤኤም404 የሚባል ነገር ይሠራል። ፋህ እዚህ አፍራሽ ሳይሆን ሠሪ ነው። በ2005 ነው የታተመው። ፋህ የሌላቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ይሄ ነገር አይሠራም፤ ፓራሲታሞልም ሕመማቸውን አያስታግስም። አንቺ ፋህን አግደሽ ፓራሲታሞል ብትጨምሪ እርስ በርስ ይጠፋፉብሻል። ለነርቭ ሕመም ጋባፔንቲን ያዢ፤ እሱ ከዚህ መንገድ ጋር አይነካካም፣ ከየትኛውም ፋርማሲ ታገኚዋለሽ።

ማሂ_ፋርማኮ | ሐሙስ፣ ቀን 7፡15

ፋርማሲስቷ! ፓራሲታሞል ነበር የጻፍኩት እኮ። አሁኑኑ ነው የምቀይረው።

እና ዩአርቢ597 ራሱስ? ጄሉ ላይ ንጹሕ ነው? መጠኑስ?

አወያይ | ሐሙስ፣ ቀን 8፡00

አንድ ፖስት አንስተናል። ይህ ክር ስለ ምርምር ነው፤ «ለራሴ የምወስደው የት አገኛለሁ» የሚሉ ጥያቄዎች አይፈቀዱም። ቀጥሉ።

ጋሽ_ኢንዛይም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ዩአርቢ597 በ2003 ነው ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው፤ የኢርቫይኑ ፒዮሜሊ ከኡርቢኖ እና ፓርማ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር። አይጦቹ ጭንቀታቸው ቀንሶ ታየ፤ እንደ ቲኤችሲ ግን አላፈዘዛቸውም። ካርባሜት ነው፤ ሴሪኗ ላይ ከተለጠፈ አይነሳም። አንጎል ውስጥ በጣም ጥሩ ነው። ጉበት ውስጥ ግን ካርቦክሲልኤስተሬዞችን ይነካል። ይሄን ጻፊው፤ ኮሚቴው ሳይጠይቅሽ።

የማይነሳ ማገጃ ሲሆን አንድ ነገር ልብ በዪ። ከኢንዛይሙ ጋር ምን ያህል እንደቆየ ካልጻፍሽ አይሲ50 (የኢንዛይሙን ግማሽ ሥራ የሚያግደው መጠን) ትርጉም የለውም። አምስት ደቂቃ ብታቆዪው አንድ ቁጥር፣ አንድ ሰዓት ብታቆዪው ሌላ ቁጥር ነው የሚወጣው። ሰው ግን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ ይበልጣል» ይላል።

መጠኑ ላይ መራራውን ልንገርሽ። በ2006 በትክክል አንቺ የምትፈልጊውን የሠሩ አሉ። 0.3 ሚሊግራም በኪሎ ለትልልቆቹ አይጦች (ራት) ሰጡ። እብጠት ባመጣው ሕመም ላይ ሠራ፤ ነርቭ ታስሮ በመጣው ሕመም ላይ አልሠራም። በ2007 ደግሞ ሌሎች በአፍ 10 ሚሊግራም በኪሎ ለትንንሾቹ አይጦች (ማውስ) ለአራት ቀን ሰጥተው ቀንሷል አሉ። ያንቺ ጥያቄ እዚህ መሃል ነው ያለው። «ፋህን ማገድ ሕመም ይቀንሳል ወይ» ከምትይ፣ ነርቭ ሲጎዳ አነስተኛው መጠን ለምን አይበቃም ብለሽ ብትነሺ የራስሽ ሥራ ይሆናል።

ሰናይት_ሬሆቮት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

የናሙናውን ነገር አደራ። አይጧ ከሞተች በኋላ አንጎሏ ውስጥ አናንዳማይድ መጨመሩን አያቆምም። አንዷን በሁለት ደቂቃ፣ ሌላዋን በአሥር ደቂቃ ካወጣሽ የምታነጻጽሪው መድኃኒቱን አይደለም፤ የእጅሽን ፍጥነት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን አጠገብሽ ይሁን፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሰዓት። ደምም ያው ነው። ጠረጴዛ ላይ ስትተዪው የደም ሴሎቹ አናንዳማይድ ይለቃሉ። በረዶ ላይ አድርገሽ ቶሎ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ።

2-ኤጂን ከለካሽ ደግሞ ወደ 1-ኤጂ በራሱ ይለወጣል፤ ሁለቱን ደምረሽ ጻፊ።

ማሂ_ፋርማኮ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡00

ጋሼ፣ ሰናይት፣ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ርዕሱን እንዳሉኝ ነው የምቀይረው። ግን ተመልሼ መነሻዬ ላይ ነኝ፤ ዩአርቢ597 ግዢው አሁንም ያስፈራኛል።

ጥሩወርቅ_ሊዮን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

ስንት ነው የምትገዢው? እስቲ እናስላው። ዊስታር የሚባለው ትልቁ አይጥ 250 ግራም ነው ብንል፣ በ0.3 መጠን አንዷ በአንድ ጊዜ 0.075 ሚሊግራም ነው የሚደርሳት። የ10 ሚሊግራም ብልቃጥ ከ130 መርፌ በላይ ይወጣዋል። ትንሿ አይጥ 25 ግራም ሆና በ10 መጠን ብትሰጪ 0.25 ሚሊግራም ነው፤ ያው ብልቃጥ ለ40 ይበቃል። ግዢ ክፍል የጻፍሽው ስንት ነበር?

ማሂ_ፋርማኮ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡45

100 ሚሊግራም 😅 ሰንጠረዡ ላይ ከነበሩት መሃሉን ነው የመረጥኩት።

ጥሩወርቅ_ሊዮን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡52

20 አድርጊው፤ የሚባክነውንም ይሸፍናል። ደረቅ ዱቄቱን እንዲልኩልሽ ጠይቂ፣ ተበጥብጦ የመጣ እንዳትቀበዪ። ሲደርስሽ በዲኤምኤስኦ አሟሚና በትንንሹ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፤ በየቀኑ አንዱን ጠርሙስ እያወጣሽ እየመለስሽ እንዳታበላሺው። ለፕላሴቦው ቡድን ያንኑ ዲኤምኤስኦ በዚያው መጠን ስጪ።

ፋርማሲስቷ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

የኤኤም251ንም ፕሮፎርማ አብረሽ አስገቢ። ሁለት ጊዜ ጉምሩክ ከመሄድ አንድ ጊዜ ይሻላል።

ማሂ_ፋርማኮ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡10

20 ሚሊግራም ዩአርቢ597፣ 10 ሚሊግራም ኤኤም251፣ ጋባፔንቲን ከዚሁ። አዲሱን ፕሮፎርማ አሁን አስገባሁ። ግዢ ክፍል ያለችው ልጅ «ይሄማ ትንሽ ነው፣ ከዲፓርትመንቱ ፔቲ ካሽ ይሞከራል» አለችኝ። የጄሉን ነገር ደግሞ ባዮኬሚስትሪ ክፍል ያለው ስካነር ያንን ቀለም ያነብ እንደሆነ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።